ጥድ ለምትዘሪው ልጄ

ልጄ፣ የጥድና የዝግባ ዘር ከሚሰበስበው ቡድን ጋር መመደብሽን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የዘር ማሳ እንድታቋቁሙ መታዘዛችሁን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ስንዴ ዋግ ቢመታው ገበሬው በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ዝርያ ይዘራል። ጥድ ግን ዛሬ ከደካማ እናት ቢዘራ ድክመቱ ገሃድ የሚወጣው አንቺ ጡረታ ስትወጪ ነው፤ ያን ጊዜ ተራራው ሙሉ በአንድ ዓይነት ደካማ ዛፍ ተሸፍኖ ይገኛል። ስለዚህ ከእኔ የምትሰሚው ሁሉ መነሻው አንድ ነው፦ ዛፍን ከተባይና ከበሽታ የመጠበቅ ሥራ የሚጀመረው ፍሬው ከእናቱ ላይ ሳይወርድ ነው። መርጨት ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ በደን ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማያዋጣ ነገር ነው።

ለምክሮቹ ቁጥር የሰጠኋቸው እንድታስታውሻቸው ብዬ እንጂ ክብደታቸው እኩል ሆኖ አይደለም።

፩. የዘሩን አገር ሳትጽፊ ከረጢት አትዝጊ

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለት ነው፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። ዛሬ መናገሻ ሱባ የምንለው ደን የሚተረክለት አመጣጥ ይህ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ትውፊቱ የዘሩን አገር አለመርሳቱ ነው። ከ500 ዓመት በላይ አልፎ ዘሩ ከየት እንደመጣ ይነገራል። በየችግኝ ጣቢያው ስንት ከረጢት አለ፣ «ጥድ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም የሌለበት!

አንቺ ቀኑን፣ ወረዳውንና ቀበሌውን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ የእናቱን ዛፍ ቁጥርና የቆመችበትን ቦታ መለኪያ ጻፊ። ስልክሽ ቦታውን ይነግርሻል፤ የእኛ ዘመን ሰው ይህን በካርታና በኮምፓስ ነበር የሚፈልገው። የዛፏን ጤንነትም ጻፊ፤ ጎረቤቶቿ ደርቀው እሷ ለምልማ ከሆነ ያ አንድ መስመር ከሁሉ ይበልጣል። የቦረናን ጥድ ዘር ወፍ ዋሻ ላይ፣ የወፍ ዋሻን ቦረና ላይ አትዝሪ። ያቤሎና ነገሌ ያለው ጥድ ድርቅ ያሳደገው ነው፣ ወፍ ዋሻ ያለው ጭጋግና ውርጭ ያሳደገው ነው። ከአገሩ ውጭ የተተከለ ዛፍ ይጨነቃል፤ የተጨነቀውን ደግሞ ተባይ ቀድሞ ያገኘዋል።

፪. ቅርብ ስለሆነ ብቻ ከአንድ ቅጥር አትልቀሚ

የአራዳ ልጅ ነሽ፤ የጊዮርጊስን ቅጥር ጥዶች ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂያቸዋለሽ። ለቤተ ክርስቲያኖቻችን ምስጋና ይግባቸውና በብዙ ቦታ የሀገር በቀል ዛፍ በከተማውም በገጠሩም ተርፎ የሚገኘው በእነሱ ጥላ ሥር ነው። ዘር ልልቀም ብትዪ የደብሩ አለቃ አይከለክሉሽም። ግን ቆም ብለሽ አስቢ።

ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚቆሙ ዛፍ ነው። ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት፤ የወንዱን ብናኝ ነፋስ ያመጣላታል። በአንድ ቅጥር ውስጥ ያሉ ጥቂት ዛፎች ምናልባት ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ወንዱ ሩቅ ከሆነ ፍሬዋ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ወንድሟ ከሆነ ደግሞ የሚበቅለው ችግኝ ከዘመድ ጋብቻ የተወለደ ነው። እንዲህ ያለውን ችግኝ በዓይን አይተሽ መለየት አትችዪም፤ በችግኝ ጣቢያ ያማረ ይመስላል፣ ደን ውስጥ ገብቶ ይቀጭጫል።

የሙያው ሕግ ቢያንስ 30 እናት ዛፍ፣ በመካከላቸውም ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቀት ይላል። ከእያንዳንዷ ተመጣጣኝ መጠን ውሰጂ። አንዷ ፍሬ ስለበዛባት ከረጢቱን በእሷ ብቻ አትሙዪ። የጊዮርጊስን ዛፎች ከ30ዎቹ አንዷ ወይም ሁለት አድርጊያቸው፤ የቀሩትን ከእንጦጦ፣ ከወጨጫ፣ ከመናገሻ ፈልጊ። ዕድሜ ጠግበው ከከተማ ጭስና ከድርቅ የተረፉ ዛፎች ናቸውና ከዝርዝሩ እንዲቀሩ ግን አልፈልግም።

፫. ክሽክሹን ስሙን፣ ጠባዩንና ታሪኩን እወቂ

የፈረንጅ ጥድን አጥር በአዲስ አበባ ግቢዎች የማያውቅ የለም። ከጊዮርጊስ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትሄጂ፣ ከዚያም ወደ አራት ኪሎ ስትሻገሪ አጥሮቹን ልብ ብለሽ እዪ። ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ከውስጥ የቀላ፣ ወይም እዚህም እዚያም የተቃጠለ የሚመስል አጥር ካገኘሽ እጅሽን ሰድደሽ ቅርንጫፉን ግለጪ። ቡናማ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ከቅርፊቱ ጋር ተመሳስላ የተለጠፈች ክሽክሽ ልታገኚ ትችያለሽ። ሳይናራ ኩፕሬሲ ይሏታል። ጭማቂውን ትመጥጣለች፤ ስትመጥ የምትተፋው መርዛም ምራቅ ቅርንጫፉን ያደርቃል። ከሰውነቷ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ በቅጠሉ ላይ ይንጠባጠብና ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል። ያለ ወንድ ትወልዳለች፣ በተመቸ አየር ልጆቿ በወር ባልሞላ ጊዜ ራሳቸው ወላጅ ይሆናሉ። በጋው ሲጠና ትበረታለች፤ ክረምቱ ሲጥል ዝናቡ ያጥባታል።

በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ነው። በ1990 ኬንያ ደረሰች፤ ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ዩጋንዳ፣ ወደ ሩዋንዳና ወደ ቡሩንዲ ተዛመተች፤ ከዚያም እኛ አገር ገባች። የፈረንጁን ጥድ ብቻ ብትነካ እንኳ ከባድ በሆነ ነበር፤ የሐበሻውንም ትነካለች። ማላዊያን በሙላንጄ ተራራ ላይ ብቻ የሚገኘውን የራሳቸውን ዛፍ፣ ብሔራዊ ምልክታቸው የሆነውን፣ በዚህችው ተባይ ሲደርቅ አይተዋል። የእኛ ጥድ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ነው፣ የቤታችን ወጋግራና የአጥራችን ቋሚ ነው፤ ምስጥ እንኳ የሚሸሸው እንጨት ነው። የፒያሳን የቀድሞ ቤቶች በረንዳና ደረጃ ይዞ የኖረው እሱ ነው። ስለዚህ ይህችን ክሽክሽ እንደ አትክልት ቤት ተባይ አቅልለሽ አትያት።

፬. የተረፈው ሁሉ ብርቱ አይደለም

ይህን አጥብቀሽ ያዢ፤ ሥራሽ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ክሽክሽ ያደረቀው ደን ውስጥ ስትገቢ በሞቱት መካከል የለመለመች አንዲት ጥድ ታያለሽ። ልብሽ ይዘላል፤ «ይህችን ነው የምፈልገው» ትያለሽ። ምልክት አድርጊባት፣ ዘሯን ውሰጂ፣ ግን «ትቋቋማለች» ብለሽ አትጻፊ። ምናልባት ተባዩ አልደረሰባትም። ምናልባት ሥሯ ውኃ ያለበት ገብቶ ኃይል አግኝታለች። ምናልባት ነፋሱ በሌላ በኩል ወስዶት ይሆናል። ዕድል ያዳናትን ደሟ ካዳናት ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ አለ፦ ልጆቿን መፈተን።

ፈተናው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዷ እናት ዘር ለየብቻ አፍዪ። ችግኞቹን በአንድ ዓይነት አፈር፣ በአንድ ዓይነት ላስቲክ፣ በእኩል ውኃ አሳድጊ፤ የአንዷን ልጆች አንድ ቦታ ሳትደረድሪ በዕጣ በትኚያቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ ቁጥሩ እኩል የሆነ ክሽክሽ አስቀምጪና በስስ ጨርቅ ሸፍኚ። ከሳምንታት በኋላ ቁጠሪ፦ ስንት ተወለደ፣ ስንቱ ቅርንጫፍ ቀላ፣ ስንቱ ችግኝ አገገመ። ደካማ መሆናቸውን የምታውቂያቸውን ችግኞች አብረሽ አስገቢ፤ እነሱም ካልተጎዱ ፈተናው ራሱ ወድቋል ማለት ነው። ኬንያ ውስጥ የፈረንጅ ጥድ ላይ እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጎ ክሽክሹን የመቋቋም ልዩነት በዛፎቹ መካከል እንዳለ፣ ከወላጅ ወደ ልጅም እንደሚተላለፍ ታይቷል። ይህ ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነው፤ መምረጥ ፍሬ አለው ማለት ነውና።

ከችግኝ ጣቢያ ፈተና በኋላ ደግሞ ሜዳው አለ። ሁለት ሦስት ቦታ፣ አንዱ ደጋ አንዱ ደረቅ፣ ተክለሽ ዓመታት ትጠብቂያለሽ። የዕድሜን ነገር አትርሺ። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ራዲያታ የሚባለው ፓይን ብዙ ተተክሎ ነበር፤ ዶቲስትሮማ የሚባል ፈንገስ መርፌ ቅጠሉን እያረገፈ ስላጠፋው ኬንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተከላውን አቋርጣ ፓቱላ ወደሚባለው ሌላ ፓይን ዞረች። ያ ፈንገስ ሕፃኑን ዛፍ ክፉኛ ይመታል፤ ዛፉ ጎልማሳ ሲሆን ግን ይቋቋመዋል። አንድን አሮጌ ዛፍ ጤናማ ሆኖ ብታገኚው ሕፃንነቱን እንዴት እንዳለፈ አይነግርሽም። ልጆቹን ጠይቂያቸው።

፭. ፍሬው ውስጥ ያለውን እዪ

በዘር ማሳ ላይ ከክሽክሹ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ሜጋስቲግመስ የሚባሉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ፣ ሶማሊየንሲስ የምትባለው፣ የምትኖረው በምሥራቅ አፍሪካ ጥድ ዘር ውስጥ ነው። ሴቷ ፍሬው ገና ለጋ ሳለ በረጅም መርፌዋ ትወጋና እንቁላሏን ዘሩ ውስጥ ትጥላለች። ትሏ ውስጡን በልታ ታድጋለች። ፍሬው ግን እንደ ጤነኛው ይበስላል፣ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ አመድማ ሰሙን ይለብሳል። ከውጭ ስታዪው ያማረ ነው። ተርቧ ክብ ቀዳዳ በስታ ስትወጣ ነው ጉዳቱ የሚታየው፤ ያኔ ዘሩ ቅርፊት ብቻ ሆኗል።

የጥድ ዘር ሳይበቅል ሲቀር ሁልጊዜ ችግኝ ጣቢያ ያለውን ሠራተኛ ይወቅሳሉ። አጠጣጡን፣ አፈሩን፣ ጥላውን። ከመውቀስሽ በፊት 100 ዘር ቁጠሪና በምላጭ ሰንጥቂ። ነጭና ሙሉ የሆነውን፣ ደርቆ ባዶ የሆነውን፣ ትል ያለበትን ለየብቻ ጻፊ። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የአንድ ክረምት ድካም ያድናል። ባዶ የሚበዛ ከሆነ ችግርሽ የወንድ ዛፍ እጥረት ነው። ትል የሚበዛ ከሆነ ተርቧ ናት። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ዘሩን ውኃ ላይ ማድረግም ይረዳል፤ ባዶውና የተበላው አብዛኛው ይንሳፈፋል፣ ግን ሁሉም አይደለም፤ በእሱ ብቻ አትተማመኚ። ጥሩ ቤተ ሙከራ ካገኘሽ ዘርን እንደ ሰው ሳንባ በራጅ ማንሳት ይቻላል፣ ዘሩም አይጠፋም።

ማሳው የራስሽ ሲሆን ደግሞ ፍሬውን በየዓመቱ ጥርግ አድርገሽ ልቀሚ፤ «ዘንድሮ ትንሽ ነው፣ ይቅር» አትበዪ። የተተወው ፍሬ ለሚቀጥለው ዓመት የተርብ መፈልፈያ ነው። የወደቀውንም አስጠርጊ። የዚህ ወገን ተርቦች ትላቸው ከአንድ ዓመት በላይ ዘር ውስጥ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የተጠራቀመ ዘር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይሁን እንጂ በተከፈተ ከረጢት መጋዘን አይግባ። ዳግላስ ፈር የሚባለውን የአሜሪካ ዛፍ ዘር የሚበላው የእነሱ ዘመድ ከዘሩ ጋር ወደ አውሮፓ የተሻገረው እንዲህ ተደብቆ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘር ሁሉ ሰነዱ ሳይሟላና ሳይሰነጠቅ ጣቢያሽ አይግባ፤ ሰጪው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን።

፮. ግንዱን አንኳኪ፣ መሬቱንም መርምሪ

ፒሮፎመስ የሚባል የጥድን ልብ የሚያበሰብስ ፈንገስ አለ፤ ከግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ካየሽ ያችን ዛፍ ከዝርዝርሽ አውጫት። በቅርንጫፉ ላይ ቅጠል አልባ፣ ቢጫማ አረንጓዴ ተቀጥላ ካየሽ ደግሞ ጥድን የሚጣባው ድንክ ተቀጥላ ነው፤ ከዛፉ ደም ጠጥቶ ያደክመዋል። ለዘር ማሳ የሚሆን መሬት ስትመርጪ ጉቶው ያልተነቀለ አዲስ የተመነጠረ ደን አትቀበዪ። አርሚላሪያ የተባለው ሥር አበስባሽ በጉቶና በቀረ ሥር ላይ ቆይቶ ወደ አዲሱ ችግኝ ይሻገራል፤ በእኛ አገር የፓቱላ ተከላዎች ላይ ተገኝቶ በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተለይቷል።

፯. በአንዲት ብርቱ እናት አትታለዪ

በ1910 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የመጡ የፓይን ችግኞች ዋግ ይዘው ወደ ምዕራብ ካናዳ ገቡ። በሽታው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ያለውን ነጭ ፓይን ጨረሰው ማለት ይቻላል። በ1950ዎቹ አይዳሆ ውስጥ ያሉ ደነኞች በሞቱት መካከል የቀሩትን ጥቂቶች ፈልገው፣ ተራራ ወጥተው እርስ በርስ አዳቀሏቸው፣ ልጆቹን በበሽታው ፈተኑ፣ ከተረፉት የዘር ማሳ ተከሉ። በ1966 ኦሪገን ውስጥ ዶሬና ላይ ለዚሁ የተቋቋመው ማዕከል ዛሬም ይሠራል። እንዲህ ያለ ትጋት ይገርመኛል፤ ጀማሪዎቹ ውጤቱን በሙሉ አላዩትም።

ነገር ግን ሹገር ፓይን በሚባለው የዚያው ወገን ዛፍ ላይ የሆነውን ስሚ። በአንድ ዘረ መል ብቻ በሽታውን ድርቅ አድርገው የሚያቆሙ ዛፎች ተገኙ፤ ደስታው ብዙ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃፒ ካምፕ በተባለ ቦታ እነዚያን ዛፎች ተክለው ሲያዩ ዋጉ ተለውጦ ያችን አንዲት በር ሰበራት። ሳይሞቱ ግን እየታመሙ፣ እየቆሰሉ የሚያገግሙት፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ ዘረ መሎች የተባበሩባቸው ዛፎች ግን ቆሙ። ስለዚህ ፍጹም ንጹሕ የሆነችዋን ብቻ አትምረጪ። ጥቂት ክሽክሽ የያዘባት፣ ቅርንጫፍ የደረቀባት፣ ግን በዓመቱ ያገገመችውንም ያዢ። በአንድ ደም መታመን የሚያመጣውን እኛም አገር አይተናል፤ የእኛ ከተማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ሲያጥረው ባሕር ዛፍ አዳነው፤ እኔም ባሕር ዛፍን አልነቅፍም። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በቅጠሉ ላይ ዕጢ የሚያበቅለው ተርብ ከአገሩ ተከትሎት ቀይ ባሕር ዛፉን አገኘው። ብዙ መሬት በአንድ ደም ሲሸፈን ተባይ መምጣቱ አይቀርም፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው።

፰. አባቱንም ምረጪ

የዘር ማሳ ስትተክዪ ስለ እናቶች ብዙ ታስቢያለሽ፤ የዘሩ ግማሽ ግን ከአባት ነው። ማሳሽ አጠገብ ያልተመረጠ የጥድ ደን ወይም አጥር ካለ ነፋሱ የዚያን ብናኝ ያመጣብሻል። ርቀሽ ትከዪ። የአንዲት እናት ልጆች ጎን ለጎን እንዳይቆሙ አድርጊ። የጥድ ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት አድጎ እስኪያብብ አታውቂም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጥብበሽ ትከዪ፣ የፈተናው ውጤት ሲመጣ የደካማዎቹን ቤተሰብ እያወጣሽ አሳሺ፣ ወንዶቹን ግን በማሳው ሁሉ ተበትነው እንዲቀሩ አድርጊ። በ2017 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ድጋፍ ኢክራፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥምር ደን እርሻ ምርምር ማዕከል ከአገራችን የደን ምርምር ተቋም ጋር የጀመረው የዛፍ ዘር ፕሮጀክት የተከላቸው የዘር ማሳዎች በዚሁ መንገድ የተያዙ ናቸው። ሄደሽ እዪያቸው፤ ሠራተኞቹን ጠይቂ።

ዛፍ የማሳሳቱ ቀን ይከብድሻል። ደህና የሚመስል ዛፍ ቁረጡ ብለሽ ማዘዝ አለብሽ፣ ሰዎችም ይቆጣሉ። ቁረጪ።

፱. መርዝ የመጨረሻ ይሁን

የዘር ማሳ ትንሽና ውድ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ በቁጥጥር መርጨት የሚያስፈልግበት ጊዜ ይኖራል። ደን ላይና ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግን አትርጪ። ንብ አለ፣ ወፍ አለ፣ ከጥዱ ሥር ተቀምጦ የሚጸልይ ሰው አለ። ክሽክሹን የሚበሉ ጢንዚዛዎችና ተርቦችም አብረው ያልቃሉ፤ ክሽክሹ ግን በወር ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ማላዊ በ1994 እ.ኤ.አ. ፓውሲያ የተባለች፣ እንቁላሏን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ የምትጥል ተርብ ከአውሮፓ አምጥታ ለቃለች፤ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋል። ይህ ጥሩ መንገድ ነው፣ ግን ሕግና ጥናት የሚጠይቅ ነው፤ በኪስ ተይዞ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ለገና ፒያሳና ጊዮርጊስ አካባቢ የሚሸጠውን የጥድ ቅርንጫፍም አስቢው። በመኪና ከደን ወደ ከተማ ሲመጣ ክሽክሹም አብሮ ይመጣል። ሻጮቹ እንጀራቸው ነውና አትገሥጫቸው፤ ቅርንጫፉን ከመጫናቸው በፊት እንዲያራግፉት፣ በዓሉ ሲያልፍም ከጥድ አጥር ሥር እንዳይጣል አስረጃቸው። ከጣቢያሽ የሚወጣ ችግኝም እንዲሁ ይመርመር፤ የታመመ ችግኝ ተባዩን ወደ አዲስ ቦታ ያደርሳል።

፲. ዝርዝሩን ከአንቺ እንዲተርፍ አድርጊ

የጥድ ምርጫ ከአንድ ሠራተኛ የሥራ ዘመን ይረዝማል። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ይቀይራል፣ ኃላፊው ይዛወራል፣ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ አንቺም ትዳር ትይዢያለሽ፣ ሌላ አገር ትመደቢያለሽ። የእናት ዛፎችሽን ዝርዝር በሦስት ቅጂ አድርጊ፦ አንዱ ጣቢያው ጋ፣ አንዱ ምርምር ማዕከሉ ጋ፣ አንዱ ዛፉ የቆመበት ደብር ወይም ቀበሌ ጋ ይቀመጥ። በማሳው የምትተክዪው ምልክት ብረት ከሆነ ይወሰዳል፣ ቀለም ከሆነ ዝናብ ያጥበዋል፤ ቁጥሩ የተቀረጸበት አጭር የሲሚንቶ ምሰሶ አስቀምጪ። ካርታውን ራስሽ ሣዪው፣ ሰሜኑን አመልክቺበት፣ ረድፉን ከየትኛው ጥግ መቁጠር እንደጀመርሽ ጻፊበት፤ ከዚያ ሥራ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ የሆነ ሠራተኛ ካርታውን ብቻ ይዞ የ14ኛዋን እናት ልጆች እንዲያገኝ ላኪው። ካላገኛቸው ካርታውን እንደገና ሣዪ።